ስሟን የጻፍኩበት መዝገብ

ባለፈው ሳምንት ለቡ ላይ ከታክሲ ስወርድ አንዲት ተማሪ ወረቀት ሰጠችኝ። የኮሌጃቸው የጽሑፍ ማዕከል ተማሪዎች የጀመሩትን ጽሑፍ ይዘው እንዲመጡ ይጋብዛል፤ ጡረታ የወጡ መምህራንም በፈቃደኝነት እንዲያግዙ ይጠይቃል። እኔም ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ መነጽሬን አውጥቼ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በደርግ ዘመን መካኒሳ አጠገብ ባለ አንድ አነስተኛ ማሠልጠኛ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከአጥራችን ወዲያ እስከ ላፍቶ ድረስ ማሳ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ኅዳር ሲገባ ደግሞ ገበሬዎቹ የሽምብራ እሸት በእቅፍ እያመጡ በር ላይ ይሸጡልናል። የግቢውን ሽሮ የጠላ ተማሪ ሁሉ እራቱ እሸት ነበር።

በዚያው ዓመት የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር አያሌው የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ የነበረች ክፍል አስጠርገው የጽሑፍ መርጃ ክፍል ከፈቱ። ተማሪው ረቂቁን ይዞ ይመጣል፣ አብሮት የሚያነብለት ሰው ያገኛል፤ በቃ። ረዳት አድርገው የመረጡኝ እኔን ነው።

«ያንተ ሥራ ሰዉን ማምጣት ነው» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሥራ ከሰጡኝ አልቻልም። በቀይ ቀለም ማስታወቂያ ጽፌ ከምግብ አዳራሹ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ለጠፍኩ። የወጣት ማኅበሩን ተጠሪ ለምኜ በሳምንታዊው ውይይት ላይ አስነገርኩ። በመጨረሻም በሩ አጠገብ ትልቅ መዝገብ አስቀመጥኩ፤ ስም፣ የትምህርት ክፍል፣ የጽሑፉ ጉዳይ። ያኔ ዳቦም ሳሙናም መዝገብ ነበረው፤ ያለ መዝገብ ክፍላችን ቁም ነገር አይመስለኝም ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣም። እስከ በሩ ይደርሱና መዝገቡን ሲያዩ ይመለሳሉ። እኔ ስንፍና ነው ብዬ ተማሪውን ስረግም ከረምኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እዚያ የተጻፈ ስም ለተጠሪው ይደርሳል ተብሎ ግቢው ሁሉ ሲያወራ ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በአራተኛው ሳምንት አስቴር መጣች። የወላይታ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ በሳምንታዊው ውይይት ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ። ከደብተሯ መሐል አራት ገጽ አወጣች። አባቷ ቤታቸው ውስጥ ሰው ሰብስበው በመጸለያቸው ታስረዋል፤ ይፈቱልኝ የሚል ማመልከቻ ነው።

«ቃሉ አልታዘዝ አለኝ» አለች። «ከመጸለይ በቀር ምንም አላደረገም እኮ።»

«እሱን ነዋ መጀመሪያ የምንጽፈው» አልኳት።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን አብረን ሠራን። እሸት እየፈለፈልን አራቱን ገጽ ወደ አንድ አወረድነው። የመጨረሻውን ቅጂ እኔ በንጹሕ ወረቀት እንድገለብጥላት ተስማማን፤ እሷም ሰኞ ወስዳ ልታስገባ። አመስግናኝ ስትወጣ በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፍኩ፤ አስቴር፣ አንደኛ ዓመት፣ ስለታሰሩ አባት የሚቀርብ ማመልከቻ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በማግስቱ ተጠሪው መጣ። «ጓድ፣ ለሪፖርት ነው፤ እንቅስቃሴያችሁን አሳየኝ» አለኝ። እኔው ራሴ ገልጬ አሳየሁት። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበና መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሄደ።

አስቴርን ቢሮ ጠርተው ግማሽ ቀን አቆዩዋት። ስትወጣ ወደ እኔ መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ስሜን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ክፍሉ ሰው እንዳለው እንዲታወቅ ብዬ…»

«እሺ» አለች። የገለበጥኩትን ማመልከቻ ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም። ሰኞ ፍራሿ ተጠቅልሎ አልጋዋ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ወደ አገሯ ሄደች አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሷም ስለ አባቷም የሰማሁት የለም።

ለመምህር አያሌው ነገርኳቸው። «መዝገቡን በየቀኑ እያየሁ ያለፍኩት እኔም ነኝ፣ ልጄ» አሉና ክፍሉን ቆለፉ። ማመልከቻው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ወስጄ ላስገባላት እችል ነበር። ፈራሁ። በስተርጅና ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ ይኸኛው ነው፤ መዝገቡ አለማወቅ ነበር፣ ይህ ግን አልነበረም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ማክሰኞ ላግዝ ብዬ ወደዚያ ኮሌጅ ሄድኩ። ወረቀቱን የሰጠችኝ ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ መዝገብ አለ። ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«አባባ፣ ስምዎን ልጻፈው?»

«ባይጻፍስ?»

«ግዴታ አይደለም። ይግቡ፣ ልጆቹ እየጠበቁ ነው።»

እስክሪብቶውን ተቀብያት ስሜን በራሴ እጅ ጻፍኩ። እኔ አስቴርን አልጠየቅኳትም ነበር።