ደም የቆመበት ሃያ ደቂቃ

ስደተኛ በሚበዛበት በኢስትሊ ሰፈር ከሱቄ ቀጥሎ ልብስ የሚሰፉ ኤርትራዊ ሽማግሌ አሉ። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው፤ ስዋሂሊ ለገበያ ያህል ይችላሉ፣ እንግሊዝኛ ግን አያውቁም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ እኔ ገቡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ ጀርባዬ ውስጥ አንድ ነገር ተተረተረ።»

በታክሲ ሆስፒታል አደረስኳቸው። ከምርመራው በኋላ ቀዶ ሐኪሟ በእንግሊዝኛ ታስረዳ ጀመር፤ እኔ ተረጎምኩ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ከውስጥ ተሰንጥቋል፤ ዛሬውኑ ካልተሠራ ይፈነዳል። የተቀደደውን ቆርጠው በምትኩ ከጨርቅ የተሠራ ቱቦ ይሰፋሉ።

«ምን ዓይነት ጨርቅ?» አሉ ሽማግሌው።

«ፖሊስተር» አለች።

ፈገግ አሉ። «ደግ፣ አይጨማደድም።»

ቀጥላ የተናገረችውን ግን እየተንተባተብኩ ተረጎምኩ። ቧንቧውን ወደ ራስ የሚሄዱት ቅርንጫፎች በሚወጡበት ቦታ ለመስፋት ደም መፍሰስ የለበትም። ስለዚህ ደማቸውን በማሽን እያዞሩ ገላቸውን ያቀዘቅዛሉ፤ ከዚያ ማሽኑንም ያቆሙታል። ልብ አይመታም፣ ደም አይዞርም። ሃያ ደቂቃ ያህል።

«እስቲ ጠይቂልኝ» አሉ ጣሪያውን እያዩ። «ያን ጊዜ ሞቻለሁ ማለት ነው?»

ጠየቅኳት።

«እኛ እንደዚያ አንለውም» አለችኝ። «ምን እንደምለው ግን እኔም አላውቅም።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «አይደለም ብላለች።»

ለቀዶው ፈቅደው ፈረሙ።

ከሰዓት በኋላውን መጠበቂያ ክፍል ቁጭ ብዬ ዋልኩ። በመስኮቱ ፀሐይ ትገባለች፤ ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች መንገዱ ላይ ይጮኻሉ። አንድ ጊዜ ድምፁ ሁሉ ራቀብኝና ጀርባዬን በረደኝ። ሰው አጠገቤ የተቀመጠ መስሎኝ ዘወር አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ተረፉ። በአራተኛው ቀን የመተንፈሻው ቱቦ ከጉሮሯቸው ሲወጣ ገብቼ አየኋቸው። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ዋሽተሽኛል፣ አይደል?» አሉኝ በሻከረ ድምፅ።

እንባዬ መጣ። «ማን ነገረዎት፣ ጋሼ?»

«ፊትሽ። ያኔውኑ አውቄዋለሁ። እውነቱን በአፍሽ ብትነግሪኝ ግን አልፈርምም ነበር።»

«በዚያ ሃያ ደቂቃ ምን አዩ?»

ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ።

«ምንም። ጨለማ የለም፣ ብርሃን የለም፣ እኔም የለሁም። ስነቃ ሐኪሞቹ በስሜ ሲጠሩኝ ግን፣ እኔ አፌን ሳልከፍት አንድ ሰው ‹አቤት› አለ። በእኔ ድምፅ።»

አሁን ድነው ግማሽ ቀን ይሰፋሉ። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ «ጋሼ!» ስላቸው «አቤት፣ ልጄ» ይላሉ። እኔ ግን ብቅ ብዬ ፊታቸውን ሳላይ ወደ ሥራዬ አልመለስም።