መኪናዬ የጠጣችው ጠበል

የዚያን ቀን ጠዋት የሠራሁት ሞኝነት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ኦሃዮ፣ ካናል ዊንቸስተር ካለው ቤታችን ጋራዥ ገባሁ፤ የመኪናዬን ኮፈን ከፈትኩ፤ የፊት መስታወት ማጠቢያው ዕቃ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሱቅ ሄጄ በብርድ የማይረጋውን ሰማያዊ ፈሳሽ ልግዛ? ጥግ ላይ አንድ ጋሎን ውሃ ተቀምጦ! ከፍቼ እስከ ጠብታው ገለበጥኩት። ኮፈኑን ዘግቼ እጄን እንደ ሊቀ መካኒክ አራገፍኩ።

ውሃው የኔ አልነበረም። ውሃም ብቻ አልነበረም። ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ፣ ከሻንጣቸው ልብስ ቀንሰው ያመጡት ጠበል ነው። ሉዊስ ሴንተር ወዳለው ልጃቸው ቤት ሲገቡ ከዕቃ ጋር እንዳይደፋባቸው፣ "እስክረጋጋ እናንተ ጋ ይቀመጥልኝ፤ አደራ" ብለው ትተውት ሄዱ። ይህን የነገሩት ለኔ ነው። ሰምቻለሁም። የሰማሁትን የት እንዳስቀመጥኩት ነው የጠፋኝ።

ጉዞው የልጄ ሐሳብ ነበር። ኢስተን አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ኮቪዱ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ "የሰው አልጋ ሳነጥፍ ኖርኩ፤ እስቲ አንድ ጊዜ ሰው ባነጠፈው ልተኛ" አለችና፣ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መሃል፣ ቤቶቹን የአልፕስ መንደር አስመስለው በሠሩበት ሸለቆ ሦስት ቀን ያዘችልን። ፎቶው ላይ ጣሪያቸው መሬት ሊነካ የደረሰ የእንጨት ቤቶች፣ በረዶ፣ ቀይ ጓንት ያጠለቁ ሳቂታ ሰዎች ይታያሉ። ሰዎቹ እዚያ እንዴት እንደደረሱ ፎቶው አይናገርም።

እሷ ሌሊቱን ሺፍት ላይ ነው ያደረችው። "እኔ እነዳለሁ" አልኳት።

"አባዬ፣ ተራራ ነው እኮ።"

"ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ሜዳ ላይ ነበር እንዴ? ደሴ የሚኬደው በሜዳ ነው?"

ሳቀች። ከጎኔ ተቀምጣ ቀበቶዋን አሰረችና ወደ ኋላ ዞረች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ከአያቷ፣ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጣለች። "በቃ፣ ልጄን አደራ" አለችኝ፤ ከኦሃዮ ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ተራራው ሲጀምር መጀመሪያ የጠፋው ኔትወርክ ነው። መንገድ የምትነግረን የስልክ ሴትዮ ወሬዋን ሳትጨርስ ዝም አለች። ከዚያ ሜዳው ጠፋ። ከዚያ የኔ ጨዋታ ጠፋ። በስተቀኝ፣ ከመንገዱ ዳር ብረት ወዲያ የዛፎች ጫፍ ብቻ ይታያል፤ ሥሮቻቸው የት እንዳሉ ማየት አልፈለግኩም። መሪውን በሁለት እጄ ጨመደድኩት። ባለቤቴ ይህን ስታይ ጸሎት ጀመረች፤ በአርባ ዓመት ትዳራችን በሁለት እጄ ስነዳ አይታኝ አታውቅማ።

ጫፉን አልፈን ቁልቁሉን ስንይዝ፣ ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ጨውና ጭቃ የተቀላቀለበት በረዶ ረጨብን። ምን ችግር አለ? ማጠቢያውን ተጫንኩ።

ውሃው ፊጭ ብሎ ወጣ። መጥረጊያው አንዴ ሄደ፤ አንዴ ተመለሰ። መስታወቱ እዚያው ላይ በረዶ ሠርቶ እንደ ወተት ነጣ። ዓይኔ የጠፋ መሰለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ከሁሉ በፊት የፈራሁት ለዓይኔ ነው። ደግሜ ተጫንኩ። ሞኝ አንዴ አይበቃውም። በረዶው ወፈረ።

"ግራንድፓ፣ አይ ካንት ሲ!" አለች ልጅቷ ከኋላ።

እሷስ ባታይ ግድ የለም፤ መሪው የተያዘው በኔ ነው። ግን አደራ የተባልኩት ይህችን ነው።

ፍሬን ብረግጥ መንሸራተት ነው። ባልረግጥ ቁልቁሉ ይወስደናል። በስፖኪዮ የሌላ ጭነት መኪና መብራት እየቀረበ ይታየኛል። ማርሹን አወረድኩ፤ ሃዛርዱን አበራሁ፤ የጎን መስኮቴን ከፍቼ አንገቴን አወጣሁ። ንፋሱ ዓይኔን እንባ ሞላው። የግራውን መስመር በጭላንጭል አያለሁ። የቀኙን፣ ገደሉ ያለበትን፣ አላይም።

ልጄ ባነነች። "አባዬ! አባዬ! አባዬ!" ሌላ ቃል አልወጣትም።

ያኔ ነው ከኋላ በስተቀኝ የተቀመጠችው ባለቤቴ መስኮቷን ከፍታ እስከ ወገቧ የወጣችው። በሩን ከውጭ በመዳፏ መታችው። ያገባኋት በዚያው በአውቶቡሴ ስትመላለስ ነው፤ ረዳቴ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲመራኝ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

"ና!" አለች። "ና፣ ና፣ ና... ግራ ስበር! ግራ ስበር፣ ቀኝህ ገደል ነው! መልስ! ና..."

እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ታዘዛት። ከኋላ ያለው ጥሩንባውን ነፋብን።

"እሱን ተወው፤ አንተ እኔን ስማ! ና... ሰፋ አለ፣ ሰፋ አለ... ቀኝ ያዝ! በዝግታ..."

በሩን ሁለት ጊዜ መታች። ሁለት ጊዜ ማለት ቁም ማለት ነው። ቆምኩ።

ጭነት መኪናው አጠገባችን ሲያልፍ መኪናችን ተወዛወዘች። ከመንገዱ ዳር ያለች ትንሽ ማቆሚያ ላይ ነበርን፤ ከቀኝ ጎማችን እስከ ብረቱ አንድ ክንድ አይሞላም። እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሳሁም። ልጄ ወርዳ ልጇን ከኋላ አወጣችና አቀፈቻት። ፊቷን ወደኔ አላዞረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተን ልጄ በሥራ ካርዷ በረዶውን ስትፍቅ ቆየችና፣ "ምንድን ነው የጨመርክበት?" አለችኝ።

"ውሃ።"

"ውሃ? በዚህ ብርድ?"

ባለቤቴ ቀስ ብላ፣ "የቱን ውሃ?" አለች። "አንተ ሰውዬ፣ የጥጉን እንዳይሆን?" ሰማይ ሰማዩን አየሁ። "የእትዬን ጠበል!" ብላ አማተበች። "እሱ ነው ያተረፈን።"

እሱ ነው ሊጨርሰን የነበረ ልል አፌን ከፈትኩ። ከብረቱ ወዲያ ያለውን ሳይ፣ ዘግቼ እኔም አማተብኩ።

ቀሪውን መንገድ ልጄ ነዳች። ሦስቱንም ቀን ባለቀይ ጓንቶቹ ከመስኮት ውጭ ሲስቁ፣ እኔ የማስበው ከሸለቆው መውጫው ያው መንገድ መሆኑን ነበር። ስንመለስ ቁልፉን አልጠየቅኩም፤ ልጄም አልሰጠችኝም። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጄን ይዤ አልነዳሁም።

ወር ሳይሞላ እትዬ ጠበላቸውን ሊወስዱ መጡ። ባለቤቴ ሆን ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

"እትዬ፣ መኪናዋ ጠጣችው" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ቀድመው የጠየቁኝ ስለ ጠበሉ አይደለም። "ልጅቷ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"እንግዲያው ለሚገባው ዋለ።" እፎይ ልል ስል ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ማርኩህ አላልኩም! አገር ቤት ሄደህ፣ ከዚያው ከቦታው ቀድተህ ታመጣልኛለህ። ደግሞ በአየር ሂድ፤ በመኪና እንዳትሞክረው።"

እስካሁን አልሄድኩም። ባዶው ጋሎን ጋራዡ ጥግ ላይ አለ፤ ባለቤቴ በትልልቅ ፊደል "የእትዬ ነው" ብላ ጽፋበታለች። ስንገናኝ እትዬ ከሰላምታ በፊት እጄን ያያሉ፤ የያዝኩት ነገር እንዳለ።