አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቀው ተከላካይ

አሁን በምኖርበት፣ በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ፣ ከጎረቤቶቼ ልጆች አንዱ ታኬታውን ሳያወልቅ ደረጃ ሲወጣና ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ የያዝኩትን አስቀምጬ ወደ በሩ እዞራለሁ። ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ሰውነቴ ግን አያውቅም። በልጅነቴ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረው አፓርትመንታችን፣ ያ ድምፅ ፎቁን ወጥቶ በራችን ላይ ሲቆም፣ እናቴ ፀጉሯን በመዳፏ ነካ ነካ አድርጋ «ክፈቺለት» ትለኝ ነበር።

ድራጎ የሚባለውን ሰው ያመጣልን ብርድ ነው። አባቴ የሞተው ገና በእቅፍ ሳለሁ ስለነበር፣ ቤታችን የእናቴ የሙሉና የእኔ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የታላቅ ወንድሟ የጋሽ ታደሰ ነበር። አንድ ዊንተር ሂተራችን ተበላሽቶ፣ ካፖርታችንን እንደለበስን ሳሎን ተቀምጠን ሳለ፣ የሕንፃው አዲስ የሜንተናንስ ሠራተኛ መጣ፤ ጎንበስ ካላለ በሩ የማያሳልፈው፣ አፍንጫው የተሰበረ፣ ግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ክሮኤሺያዊ። ጋሽ ታደሰ ኳስ እያየ፣ ጎል በገባ ቁጥር በረኛውን ይራገም ነበር። ሰውየው ተንበርክኮ ብሎን እየፈታ፣ ዞር እንኳ ሳይል፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «በረኛው ምን አደረገ? የተኛው ተከላካዩ ነው» አለ። ጋሽ ታደሰ ራሱ የሰፈር ቡድን በረኛ ነበርና ነገሩን እንደገና አሰበው፤ በዕድሜው እንዲህ ያለ ጠበቃ ቆሞለት አያውቅም። ሂተሩ ሞቆ፣ ምሳ ቀርቦ፣ እናቴ እንደ ወጉ «ብላ» ስትለው፣ ሰውየው ወዲያው እጁን ታጥቦ ቁጭ አለ።

«ይሄ ሰውዬ እንኳን በሞቴ ሊባል፣ ሁለቴም አያስጠራ!» አለች እናቴ፣ በሩ ከኋላው ሲዘጋ። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ብርዱ አልፎ ስፕሪንግ ሲገባ፣ ጋሽ ታደሰ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሜዳ ይዞት ሄደ። ቡድናቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከግሪንቤልትና ከበልትስቪል የተሰባሰቡ ታክሲ ነጂዎችና የፓርኪንግ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሩጫ የጠሉ፣ ክርክር የወደዱ። ድራጎ ወር ሳይሞላው አሰልጣኛቸው ሆነ፤ እነሱ ደግሞ አማርኛ አስተማሩት። የሜዳ አማርኛ ነበር፦ ና፣ ተመለስ፣ አትተኛ፣ ጎበዝ፣ አይዞህ። ያስተማሩት ወንዶች፣ የሚጠራቸውም ወንዶች ስለነበሩ፣ ለድራጎ ዓለም በሙሉ ወንድ ሆነ። እናቴን ከሺፍት ስትመለስ ደረጃው ላይ ሲያገኛት «ሙሉ፣ ደከመህ?» ይላታል፤ እኔን «አንተ ጎበዝ፣ ሆምወርክህን ጨረስክ?» ይለኛል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እህቴን ጢም ልታበቅልባት ነው!» ይላል ጋሽ ታደሰ ሆዱን ይዞ።

እናቴ «ደከመሽ፣ በል፤ ሽ» ብላ ልታርመው ስትሞክር፣ ከንፈሩን አሹሎ «ሽሽሽ» ይልና፣ ዝም በሉ የተባልን ይመስል ሁላችንም ለአፍታ ዝም ብለን፣ ከዚያ በሳቅ እንፈነዳ ነበር። ውሎ አድሮ ማረሙን ተወችው። እንደወደደችው ያወቅሁት ማረሙን ስትተው ነው።

በሰመር ቀኑ ስለሚረዝም፣ ከልምምድ በኋላ ታኬታውን እንዳደረገ መጥቶ ያሳለፈውን ኑሮ በጨው ዕቃና በሻይ ብርጭቆ ያሳየን ነበር። ጨው ዕቃው እሱ ነው፤ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ተወልዶ፣ ለከተማው ክለብ መሀል ተከላካይ የሆነው። አንድ ብርጭቆ መጥቶ ጨው ዕቃውን ይመታል፤ ያ ጉልበቱ የተጎዳበት ነው። ከዚያ ጨው ዕቃው ወደ ኦስትሪያ ትንሽ ክለብ፣ ከዚያ አሜሪካ ወዳለ ቡድን ይሄዳል፤ ያም ቡድን ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ ጨው ዕቃውን ከጠረጴዛው ጠርዝ፣ ከሜዳው ውጭ ያቆመውና «አሰልጣኝ እዚህ ነው የሚቆመው። እኔ እዚህ መቆም ነው የምፈልገው» ይላል።

«የተከላካይ ስም የሚጠራው ሲሳሳት ብቻ ነው» ብሎ ነገረን አንድ ቀን።

«እናትም እንደዚያው ናት» አለች እናቴ።

ቡድኑ ሲሸነፍ፣ ብዙ ጊዜም ይሸነፍ ነበር፣ ድራጎ ብቻውን ሣሩ ላይ ይቀመጣል። እናቴ ምሳ ይዛ ትሄድና ሳህኑን አስቀምጣ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እኔም በሌላው ጎኑ። ትምህርት ቤት ተከፍቶ አስተማሪዬ የአባቶቻችንን ሥራ ስትጠይቀን፣ «ተከላካይ ነው» አልኳት። ውሸት አልመሰለኝም፤ ጊዜው ትንሽ የቀረው እውነት ነበር የመሰለኝ።

ፎል ላይ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ድሮ አብሮት የተጫወተ ሰው ኮል አደረገው። ሰውየው ያደጉበትን ክለብ ይመራ ነበርና፣ «ና፣ የወጣቶቹን ቡድን ያዝልኝ» አለው። እሁድ ተጫዋቾቹ በሙሉ እኛ ቤት ተሰበሰቡ፤ ደስታም ሐዘንም ነበር። ምግቡ መሀል ላይ ድራጎ ተነሳ። ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ቃሉን ሲለማመደው እንደከረመ ያስታውቅ ነበር።

«ሙሉ» አለ፣ «ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ሂድ እንጂ ሙሉ፣ ታኬታህን ልፈልግልህ?» አለ ጋሽ ታደሰ። እናቴ ሻርፗን አፏ ላይ ጭና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ድራጎ መጀመሪያ አብሮን ፈገግ አለ፣ ከዚያ እናቴን ትክ ብሎ አያት፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ የቀረበለትን ጨረሰ።

በማግስቱ እናቴ ሻንጣችንን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠረገችና ግድግዳ አስደግፋ አቆመችው። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም አለፈ።

«እማ፣ አንሄድም እንዴ?» አልኳት።

«ይጠይቀኝ እንጂ! ሴት ልጅ በአንድ ቃል ብድግ ብላ ትሄዳለች? ደግሞ ይለኛል።»

ደግሞ አላላትም። እኛ ዘንድ እንግዳ እንኳ ለጉርሻ ሦስቴ ይለመናል፤ እሱ ባደገበት ግን፣ ጠይቀህ ከተሳቀብህ መልስህን ይዘህ ትሄዳለህ።

የሄደው ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ሲያልቅ ነበር። ሊሰናበተን መጥቶ፣ ዊንተር ሳይገባ ልየው ብሎ ሂተራችን ሥር ተንበረከከ፤ ምንም አልሆነም ነበር፣ ቢሆንም ረጅም ጊዜ ቆየበት። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቴን ያዘና «አይዞሽ» አለኝ። ከማን እንደተማረው እንጃ። ወደ እናቴም ዞሮ «ደህና ሁኚ፣ ሙሉ» አለ። የዚያን ቀን የሚታረም ስህተት አልነበረውም፤ እኔን ያስለቀሰኝም እሱ ነው፣ እንደ ባዕድ አስተካክሎ መናገሩ።

ጋሽ ታደሰ፣ እናቴ አውቃ እምቢ ያለች ይመስለው ስለነበር፣ ወደ ኤርፖርት ሲያደርሰው የሰማውን የነገረን እኔ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ድራጎ መኪናው ውስጥ «ሙሉ ስትስቅብኝ መልሷ ገባኝ» ብሎት ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ ተነሳች፣ የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና ማጠብ ጀመረች። ቆይታ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን፣ «በአማርኛው እኮ ነው የሳቅሁት» አለች።

ድራጎ ከወጣቶቹ ወደ ምክትልነት፣ ከዚያም ወደ ዋና አሰልጣኝነት አደገ፤ ተሾመ፣ ተባረረ፣ ሌላ ከተማ ደግሞ ተሾመ። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ጨዋታውን በስልክ እከፍትላታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚያ ዝናብ ይጥል ነበር፤ ቡድኑ ተሸንፎ፣ ሜዳው ባዶ ሆኖ፣ ሽበታሙ ሰውዬ ከመስመሩ ውጭ ብቻውን ቆሞ ይረጥባል። ያኔ ሲሸነፍ መንገድ ተሻግረን፣ አንዳችን በዚህ፣ አንዳችን በዚያ ጎኑ እንቀመጥ ነበር። አሁን ስልኩ ላይ ቁመቱ ከጣቴ አይበልጥም፤ እናቴም ስልኩን ወደ መነጽሯ አስጠግታ፣ «ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው የለውም እንዴ?» አለችና የስልኩን መስተዋት በእጅጌዋ ጠረገችው።