የመርማሪው የልብ ምት

ከደሴ ፒያሳ በጠራራ ፀሐይ ይዘው ኮምቦልቻ አወረዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር፤ አቧራው ጥርሳችን መሀል ቅጭ ቅጭ ይላል። ከጎኔ የተኙት ከደጋን የተያዙ ሼህ ነበሩ። በድብደባ የቆሰለ እግራቸው አብጦ መሽተት ጀምሯል። ሐኪም ቤት ይወሰዱ ብለን በሩን በደበደብን ቁጥር መልሱ ስድብ ነው። እሳቸው ግን በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ እኔን ያጽናናሉ፤ "አብሽር ልጄ፣ ያልፋል።"

የኔ ወንጀል ላፕቶፔ ውስጥ የተገኘው የሞገድ መስመር ነው። መርማሪው ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ "ይሄ የምን መልእክት ነው? ለማን ነው የምትልከው?" አለኝ። የዩኒቨርሲቲ መምህር መሆኔን፣ ሞገዱም ከጽኑ ሕሙማን ክንድ፣ ደም ሥር ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ የተቀዳ የደም ግፊት መሆኑን ነገርኩት። ልብ በመታች ቁጥር ደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሕመምተኛው ክንዱን ካወዛወዘ ወይም ቱቦው ውስጥ አረፋ ከገባ መስመሩ ይረበሻል። እኔ የምሠራው ያንን ረብሻ በስሌት አጥርቶ፣ ከሚቀረው ቅርጽ የልብን መድከም የሚለይ ፕሮግራም ነው። "ታዲያ የሰው ልብ ታነባለሃ!" ብሎ ሳቀና በጥፊ አጮለኝ። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ አይሰማም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ አስጠራኝ። በሩን ዘጋ። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እንደሚል፣ ጋደም ሲል እንደሚያፍነው ነገረኝ። ሐኪም ጋ መሄድ ፈርቷል፤ አለቆቹ መታመሙን ከሰሙ ወንበሩን ሊያጣ ነው። እጁን ዘረጋልኝ። ያቺን እጅ!

ጣቴን አንጓው ላይ አሳረፍኩ። ምቱ ሰዓቱን አያዛንፍም፤ ግን አንዱ ጠንካራ፣ ቀጣዩ ደካማ፣ ደግሞ ጠንካራ፣ ደግሞ ደካማ። ይሄን ቅርጽ ስክሪን ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ። የደከመ ልብ ነው። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ፣ በሆዴ ጮቤ ረገጥኩ። "ደህና ነህ" ብዬ ብሸኘው በራሱ ጊዜ ይደፋል፤ ማንም አይጠይቀኝም።

"ምንድን ነው?" አለኝ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

"መጀመሪያ ሼሁ ደሴ ሆስፒታል ይወሰዱ። ከዚያ እነግርሃለሁ።"

"ትደራደረኛለህ?"

"አዎ።"

ሊመታኝ እጁን አነሳ፤ ከዚያ አወረደው። እሱ ያዘዘው ፒካፕ ሼሁን ጭኖ ከግቢው ሲወጣ በመስኮት አየሁ። ያን ጊዜ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ልቡ ደም መርጨት እያቃታት እንደሆነ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ካላየው ነገሩ ለሕይወቱ እንደሚያሰጋው።

ፊቱ አመድ መሰለ። "በል እንግዲህ... ይቅር በለኝ" አለ።

"ስለ ልብህ ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ። ይቅርታ ግን የለኝም።"

ጠባቂው ክንዴን ሊይዝ ሲመጣ "መንገዱን አውቀዋለሁ" ብዬ፣ ማንም ሳይገፋኝ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ከተፈታሁ በኋላ ደጋን ሄጄ ሼሁን ጠየቅኳቸው። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል፤ በምርኩዝ እስከ ደጃፍ ወጥተው ተቀበሉኝ። "ለአላህ ተወው ልጄ" አሉኝ። "እርስዎ ይተዉለት፣ እኔ አልተውለትም" አልኳቸው።

መርማሪው ታክሞ ተሽሎታል አሉ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ይንጎራደዳል። የሚያውቁት ሰዎች ወሬውን ሲያመጡልኝ ሁልጊዜ የምጠይቀው "መድኃኒቱን በደንብ ይውጣል?" ብዬ ነው። ደግ የሆንኩ ይመስላቸዋል። እኔ ዕድሜ የምለምንለት፣ አንድ ቀን ዳኛ ፊት በሁለት እግሩ እንዲቆምልኝ ነው።