ከአሥራ አራተኛው ሳጥን የወጡት ስድስቱ

ቡሬ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ፣ ለአይጥ ቤት ሥራ ልቀጠር የሄድኩ ቀን፣ ዶክተር ሰብለ ነጭ ጋውንና ጓንት ሰጡኝና አንዷን አይጥ ከጭራዋ ሥር ይዤ እንዳነሣ አዘዙኝ። አነሣኋት። በጓንቱ በኩል ነከሰችኝ፤ አልጣልኳትም። «በቃ፣ ነገ ሥራ ይግቡ» አሉኝ።

ወሬው የተወለድኩበት ደምበጫ ገጠር ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። አጎቴ ቄስ ናቸው፤ ሰው አይጥን ለማጥፋት ድመት ያሳድጋል፣ አንተ ግን አይጥ ለማሳደግ ደመወዝ ትበላለህ እያሉ ለዓመታት ቀልደውብኛል።

ዶክተሯ የሚያጠኗቸው ሁለት ተዛማጅ ጂኖች፣ ማለትም ዘረ መሎች፣ ነበሩ። የመጀመሪያው የጎደላት አይጥ ምንም አትሆንም። ሁለተኛው የጎደላትም እንዲሁ፤ የጠፋውን ሥራ የቀረው ይሠራላታል። ሁለቱም የጎደሏት ግን ራሷ ጤነኛ ሆና ታድግና ትወልዳለች፤ ልጆቿ በሁለት ቀን ውስጥ ያልቃሉ። ዶክተሯ ጉዳቱ የሚደርስባቸው በማኅፀን ነው፣ ሲወለዱ ለመጥባት እንኳ አቅም የላቸውም ባይ ነበሩ። ይህንኑ ለገምጋሚዎች ሊያቀርቡ ጥቂት ሳምንታት ቀርቷቸው ነበር።

የእኔ ሥራ መቁጠር፣ መመገብና መመዝገብ ነው። የሞተው ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። አንዳንዴ እናት የሞተ ልጇን ስለምትበላ ሬሳ አይገኝም፤ ያን ጊዜ «እናት በልታዋለች» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ የማይነካ ሕግ ነበረን፤ ግልገል ከእናቱ ሳጥን አይወጣም። አዲስ የተወለዱትን ግልገል ነበር የምንላቸው።

አንድ ቅዳሜ፣ ሁለቱም ጂኖች የጎደሏት የአሥራ አራተኛው ሳጥን አይጥ ስድስት ወልዳ አገኘኋት። የግልገል ቆዳ ስስ ነው፤ የጠባ እንደሆነ ወተቱ ከሆዱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። የእነዚህ ሆድ ባዶ ነው። ሆኖም ጡቷን ይዘው ይጎትታሉ፤ አቅም ያጣ ፍጥረት እንዲህ አይጎትትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሬሳ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ያን ቀን መረረኝ።

በእኛ አገር እናቱ የሞተችበት የበግ ግልገል የሌላዋን በግ ወተት ተቀብቶ ይጠጋላታል፤ ሽታውን የራሷ መስሏት ታጠባዋለች። ሃያኛው ሳጥን ውስጥ ሰባት የወለደች ጤነኛ አይጥ ነበረች። ስድስቱን በእሷ መኝታ ሰጋቱራ አሻሸሁና ከልጆቿ ጋር ቀላቀልኳቸው። በአሥራ አራተኛው መዝገብ ላይ «እናት በልታቸዋለች» ብዬ ጻፍኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ዶክተሯ ሃያኛውን ሳጥን ቢከፍቱ ሰባት የነበሩት አሥራ ሦስት ሆነዋል። የጭራቸውን ጫፍ ቆርጠው መረመሩ፤ ስድስቱ ሁለቱም ጂኖች የሏቸውም። መሞት የነበረባቸው በሕይወት አሉ።

ቅዳሜ ሳጥን የምታጥበው ይርገዱ ነበረች፣ የማንኩሳ ሰው፣ በኮንትራት የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት። ዶክተሯ፣ ይርገዱ ሳጥን ስታጥብ ደባልቃቸዋለች፣ እሱም ባዶውን ሳጥን አይቶ ተበልተዋል ብሎ ጽፏል ብለው ገመቱ። ጠርተው ጠየቋት። ሳጥን አጥባለሁ እንጂ ነፍስ ያለው አልነካም ብላ ማለች። አላመኗትም። ውሏ ይቋረጥ የሚል ደብዳቤ ፍኖተ ሰላም ላለው አስተዳደር ሲጻፍ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የማፍርበት ዝምታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቡሬ መናኸሪያ ስለ ውሏ ልታመለክት ወደ ፍኖተ ሰላም መኪና ስትጠብቅ አገኘኋት። ሰላም አልኳት፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«አያ ዳኛቸው፣ እኔ ማንንም አልከስም» አለችኝ። «ግን እርስዎ በግ ሲያረቡ ያደጉ ሰው ነዎት፤ ግልገል ብቻውን ሄዶ ሌላ እናት ይጠባል?»

መኪናውን እንድታሳልፈው ለመንኳትና በፍጥነት ወደ ጣቢያው ተመለስኩ።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ስድስቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተበልተዋል ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

ሳወጣቸው ይጠቡ እንደነበር ጠየቁኝ። ጡት ይጎትቱ እንደነበር፣ ሆዳቸው ግን ባዶ እንደነበር ነገርኳቸው። ስልክ አንሥተው መጀመሪያ የይርገዱን ደብዳቤ አስቆሙ። ቀጥለው ወደ አሥራ አራተኛው ሳጥን ሄዱ።

ሙከራውን በሥርዓቱ፣ እየተጻፈ፣ እንደ እሷ ባሉ በሌሎች እናቶች ግልገሎች ደገሙት። ግልገሎቹ ኖሩ። ጉዳቱ የማኅፀን አልነበረም፤ እናቶቹ ሲመረመሩ ጡታቸው ውስጥ ወተት አለ፣ ግን አይወርድላቸውም። ለማውረድ ከሁለቱ ጂኖች አንዱ ይበቃል፤ ሁለቱም ሲጠፉ ይዘጋል። ዶክተሯ የጻፉትን ሁሉ እንደገና ጻፉ።

አመሰገኑኝ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ከዚያም የሦስት ዓመት መዝገቤን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ቀይ እስክሪብቶ አነሡ።

«‹እናት በልታዋለች› ያሉት ሁሉ ሬሳ የለውም» አሉኝ። «የትኛው እውነት እንደሆነ በምን ልወቅ?»

ሁሉም እውነት ነው፣ ከአንዱ በቀር አልኩ። ማስረጃ ግን አልነበረኝም። እያየሁ አንድ በአንድ ሰረዟቸው፤ የሦስት ዓመት ጠዋቶቼ ከጥናቱ ወጡ።

ግልገሎቹን በማውጣቴ አልጸጸትም። የምጸጸተው በጻፍኩት ነው። ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ልጆች፣ ያደረጋችሁትን በዚያው ሰዓት መዝግቡ፤ ሕግ ጥሳችሁ እንደሆነም መጣሳችሁን መዝግቡ።