ያልወለድኩት ናትናኤል

ይህን ከንስሐ አባቴና ከዋሸሁት ሰው በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለባሌም፣ ለእናቴም። ፒያሳ ከኬክ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍሌ ስፓኒሽ የማስተምራቸው ልጆች «ቲቸር፣ እንዲህ አድርገሽ የት ተማርሽው?» ሲሉኝ፣ «እዚያው ስፔን፣ በነጻ» ብዬ አልፋለሁ። በነጻ መሆኑ እውነት ነው። እንዴት በነጻ እንደሆነ ግን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የደበቅኩትም እኔ።

ማድሪድ የሄድኩት አንዲት አሮጊት ልጦር ነበር። ጆሯቸው አይሰማም፤ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው የለም። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ክፍያ አይቀመስም። ስልኬ ላይ ቃል እሸመድዳለሁ፤ ስልክ ግን መልሶ አያወራም። በአፏ የምትታወቅ የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሰፈር ልጅ ዳቦ ቤት ገብታ በጣቷ እየጠቆመች ስትገዛ አስቡት።

አንድ ቅዳሜ ከብርድ ሸሽቼ አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ጥግ ላይ ባለችው የመናዘዣ ሳጥን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ፓድሬ አንሴልሞ ይባላሉ። ኦርቶዶክስ ነኝ ብላቸው፣ ግድ የለም፣ ተቀመጪ አሉኝ። በተሰባበረ ቋንቋ እናቴን መዋሸቴን ነገርኳቸው።

«‹እዋሻለሁ› አይደለም ልጄ፤ ‹ዋሸሁ› ነው» ብለው በትዕግሥት አረሙኝ።

አስተማሪ አገኘሁ። በየቅዳሜው ሄድኩ። እውነተኛው ኃጢአቴ ግን ቶሎ አለቀ። ታዲያ ምን ላድርግ? ፈጠርኩ። የገበያ ቃላት ስፈልግ ሰረቅኩ አልኩ፤ የወጥ ቤት ቃላት ሲያምረኝ ከጎረቤት ተጣላሁ አልኩ። «ባላደርገው ኖሮ» ማለትን ለመልመድ ደግሞ ልጅ ፈጠርኩ፦ አትክልት ተራ ለአክስቴ ጥዬው የመጣሁትን ሕፃን፣ ናትናኤልን። ትቼው ባልመጣ ኖሮ፣ ይዤው ብመጣ ኖሮ እያልኩ እኔ ሰዋስው ስለማመድ ሽማግሌው ያለቅሱ ነበር። እንባቸውን አየሁ። አይቼም ቀጠልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አንድ ቀን እህታቸው የሠራችውን የልጅ ሹራብ ሰጡኝ፤ ለናትናኤል ላኪለት ብለው። ተቀበልኩ። እዚያው እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? አልተናገርኩም። ሆስፒታል ለአስተርጓሚነት ልፈተን ነበርና አስተማሪዬን ማጣት ፈራሁ።

የፈተናው ዕለት ሦስት ሰዎች ጥያቄ አዘነቡብኝ። አንዱም አልጣለኝም። መመለስ ብቻ አይደለም፣ አሳቅኳቸው። የአራዳ ምላሴ በስፓኒሽ ተመለሰልኝ። ሥራው የእኔ ሆነ፤ መንገድ ላይ እልል አልኩ። ለፓድሬ አንሴልሞ ግን፣ ልጄ መጣልኝ ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። ደስታቸውን ብታዩት!

ዓመታት አልፈው አገሬ ገባሁ። ክፍሏን ከፈትኩ፤ ተማሪ ሞላ። አምና ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ሰውየውን በምን ቋንቋ ነው የዋሸሻቸው?» አሉኝ።

«በስፓኒሽ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው እውነቱንም በዚያው ንገሪያቸው።»

ደወልኩ። ፓድሬ አንሴልሞ በሕይወት ነበሩ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ሹራቡ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ልጁ የለም ማለት ነው?» አሉ።

«የለም። ኖሮም አያውቅም።»

«ዛሬ ጠዋትም ጸለይኩለት» አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያ ደህና ሁኚ ብለው ስልኩን ዘጉ።

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ እናንተንም አልጠይቅም። ብቸኛ ነበርኩ፣ ድሃ ነበርኩ ብል እውነት ነው፤ ሰበብ ግን አይሆነኝም። ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቋንቋውም የእኔ ነው፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። በዚያ ስልክ የሚያሳፍረኝን እውነት ለዋሸሁት ሰው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሸራርፍ ተናገርኩ። ስልኩን አስቀምጬ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቀና ብዬ ወደ ተማሪዎቼ ሄድኩ።