ቦሼ ቤት የበሉት ሁለቱ መንገደኞች

ቦሼን የማያውቅ የሻንቶ ገበያተኛ አልነበረም፤ ቤቷ ገብቶ ውሃ የቀመሰ ግን አንድም አልነበረም። ቦሼ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በዚያን ዘመን የሸክላ ሠሪ ቤት አይገባም፣ ያቀረበችውም አይበላም። ድስቷን ግን ይወስዱታል! በድስቷ ጎመን ይቀቅላሉ፣ በእንስራዋ ውሃ ይቀዳሉ። እሷ ራሷ በዚያው ድስት የቀቀለችውን ጎመን ብታቀርብላቸው ግን እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ይላሉ። እንግዲህ ይህን ማን ይፍታው? እኔስ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

ከሁሉ የሚያንገበግባት የገዛ ጸሎት ቤቷ ነበር። ከተጠመቀች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እሁድ እሁድ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ትዘምራለች፤ «በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን» ሲባል ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ አሜን ትላለች። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ምእመኑ በየተራ ከቤት ቤት እየዞረ ይጸልያል፤ ከጸሎቱም በኋላ የቤቱ ባለቤት ያሰናዳችው ይበላል። ታዲያ ተራው ከላይኛው ቤት ተነስቶ እየወረደ እየወረደ፣ የጎረቤቷ የአገርነሽ ቤት ይደርስና የቦሼን ደጅ ዘሎ ወደ ማዶ ይሻገራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ባሏ ጦና ገና በሁለተኛው ዓመት በቃኝ ብሎ ቀርቷል። «አብሮ መዘመር እንጂ አብሮ መብላት የማያውቅ ጉባኤ ለእኔ ምኔ ነው?» ይላል። እሷ ግን አልቀረችም። አንድ ሐሙስ፣ አንዲት ሐሙስ ብቻ፣ ያ ሁሉ ሰው ቤቷ ገብቶ ከእጇ ሲበላ ማየት ትፈልግ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት አንድ ቀን ሁለት ነጮች በሶዶ መንገድ ብቅ አሉ። ወይ ጉድ! ነጭ በላንድሮቨር ሲያልፍ ታይቷል፣ በበቅሎም ታይቷል። ትልቅ ከረጢት በጀርባው አዝሎ፣ በእግሩ ጭቃ እያቦካ የሚሄድ ነጭ ግን ያን ቀን ገና ታየ። ወንዱ ያነክሳል፣ ሴቲቱ ደግፋዋለች። የቦሼ ቤት ከመንደሩ ዝቅ ብሎ፣ ሸክላው ከሚቆፈርበት ጉድጓድ አጠገብ፣ ለመንገዱ ቅርብ ነበርና ዘው ብለው ገቡ። የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ቢከለክላቸውስ በምን ቋንቋ?

ቦሼ ክው ብላ ቀረች። ምን እንደሚባል፣ የት ተቀመጡ እንደሚባል ጠፋት። ሴቲቱ ከረጢቱን አውርዳ እርጥብ ሹራቧን ስታወልቅ፣ ማንገቻው ትከሻዋ ላይ ያሰመረው ቀይ ሰንበር ታየ። ቦሼ ይህን ሰንበር ታውቀዋለች፤ ድስት ተሸክማ ሶዶ በወረደች ቁጥር ገመዱ የእሷንም ትከሻ እንዲሁ ያደርገዋል። ሳታስበው እጇን ዘርግታ ዳበስ አደረገችው። ሴቲቱ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ቦሼ አልፈራችም፤ እሳቱን አያይዛ ጎደሬ ጣደች፣ ዳጣ ፈጨች፣ ለበዓል ያስቀመጠችውን ቅቤ ሳይቀር አወጣች።

«ተይ አንቺ ሴት» አለ ጦና ከጥግ። «አይበሉም። ኋላ ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ።»

በሉ! ያውም እንዴት ያለ አበላል! ዳጣው አቃጥሏቸው እያለቀሱ፣ እያስነጠሱ፣ እርስ በርስ እየተሳሳቁ ሳህኑን ጠረጉት። ቦሼ ቆማ አየቻቸው። አርባ ዓመት ያህል ስትኖር፣ ከእሷ ወገን ውጭ የሆነ ሰው የእጇን ሲጎርስ ያየችው ያን ቀን ነው።

የሰውየው ቁርጭምጭሚት አብጦ ነበርና አራት ሌሊት አደሩ። በሁለተኛው ቀን እንግሊዝኛ የሚያውቀው የሻንቶው መምህር ደገፉ ተጠርቶ መጣ። ከደጃፉ ሳያልፍ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ስር ቆሞ አስተረጎመ። ሴቲቱ አና ትባላለች፣ ሰውየው ባሏ ነው። ከናይሮቢ ተነስተው፣ አንዳንዴ በእግር አንዳንዴ በጭነት መኪና፣ ካይሮ ድረስ ይሄዳሉ።

«ምን ጠፍቷቸው?» አለ ጦና።

«አገር ለማየት ነው።»

«አገር ለማየት ሰው እግሩን ይሰብራል? ይቺ የጤና አይደለችም!»

አና ደግሞ በየመንገዱ ያሳደራቸውን ሰው ሁሉ ቆጠረች። ሾፌር አሳድሯቸዋል፣ ፖሊስ ጣቢያ አድረዋል፣ ከብት አርቢዎች ወተት አጠጥተዋቸዋል። «እንደዚህ ቤት የተመቸን ግን የለም» አለች። ቦሼ ይህን ደገፉን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

በሦስተኛው ቀን መንደሩ በሙሉ ነጮቹን ሊያይ ደጇ ፈሰሰ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ኤርካሎም መጣ። ኤርካሎ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አልክድም። የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ይቀብራል። እንግዶቹን ወደ ደህና ቤት ሊወስዳቸው መምጣቱን በደገፉ በኩል ነገራቸው። እነሱ ግን «እዚሁ ደህና ነን» አሉ። ይህም አልበቃ፤ አና ጉርሻን ከቦሼ ተምራ ነበርና ከጎመኑና ከቆጮው ጠቅለል አድርጋ ቀጥ ብላ ወደ ኤርካሎ አፍ!

ኤርካሎ ግራና ቀኝ አየ። የነጭ እጅ፣ ያውም የሴት እጅ፣ አፉ ላይ ተደቅኗል። አፉን ከፍቶ ጎረሰ።

ቦሼ ጊዜ አልፈጀችም። «ወንድም ኤርካሎ፣ የመጪው ሐሙስ ተራ የእኔ ይሁን» አለች። ደገፉ ለእንግዶቹ ሲያስተረጉም አና አጨበጨበች። ኤርካሎ አፉ እንደ ሞላ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ።

ጦና ሽማግሌው ሲወጣ ከኋላው ያይ ነበር። ኤርካሎ እንሰቱ ጓሮ ዞር ብሎ ጉርሻውን እንዳለ ተፋው፣ አፉንም በዝናብ ውሃ ተጉመጠመጠ። ጦና ይህን እስከ ማክሰኞ ዋጠው። እንግዶቹ በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ አናና ቦሼ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ተላቅሰው ከተለያዩ በኋላ ነው የነገራት።

«ምቀኛ!» ብላ ጮኸችበት። «ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ! አንተ ስለቀረህ ሁሉም እንዲቀር ትፈልጋለህ!»

ሐሙስ ጠዋት ግን ጦና ያለቻቸውን አንዲት በግ እያጉረመረመ አረደላት።

መጡ። ጦና እንኳ ማመን አቃተው፤ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ጊዜ ያቺን ጎጆ ሞሏት። ቦሼ ባነጠፈችው የእንሰት ቅጠል ላይ ተቀመጡ፣ ዘመሩ፣ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ቦሼ ፊቷ እየበራ የመጀመሪያውን ገበታ ይዛ ስትገባ ኤርካሎ ብድግ አለ።

«ወንድሞችና እህቶች» አለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ጌታ በልቤ አንድ ነገር አኑሯል። ዛሬን በጾም እንዋል።»

«አሜን!» አለ ሠላሳ አፍ።

እንደ ወታደር እኩል ብድግ አሉ። ከመካከላቸው አገርነሽ ብቻ አንገቷን ደፋች፤ እሷም ግን ወጣች። ኤርካሎ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ለመስከረሙ ትልቅ ጉባኤ ሠላሳ ድስት እንደሚያስፈልግ፣ ከእህት ቦሼ የተሻለ የሚሠራም እንደሌለ ነገራት። ጾሙስ የት ፈረሰ መሰላችሁ? ከአጥሩ ማዶ፣ አገርነሽ ቤት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ሳቁ እስከ ቦሼ ምድጃ ድረስ ይሰማ ነበር።

ቦሼ ገበታውን እንደያዘች ቀረች። ጦና ነግሬሽ ነበር አላለም። ተቀብሏት መሬት አስቀመጠውና መብላት ጀመረ። «በይ አምጪ» ይላል፣ «ሌላም አምጪ።» ሆዱ ሊፈነዳ እስኪደርስ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ የሠላሳ ሰው ምግብ ብቻውን ሊጨርስ ታገለ። ያኔ ነው ቦሼ ያለቀሰችው።

ሠላሳውን ድስት ሠራች። ምን ታድርግ? የምትኖረው ከዚያ ነው። ጸሎት ቤት ግን ዳግመኛ አልረገጠችም።

በዓመቱ ከአና ደብዳቤ መጣ፤ በደገፉ አድራሻ ለቦሼ የተጻፈ። ደገፉ አስቀድሞ የወሰደው ወደ ጸሎት ቤት ነበር። ከዚያ መጥቶ ያው ደጃፍ ቆሞ አነበበላት። አና የቦሼን ቤት በየሄደችበት እንደምታወራ፣ መላው መንደር ቦሼን እንዴት እንደሚወድ እንዳየች፣ አፍሪካን ሲያቋርጡ እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ እንዳላገኙ ጽፋለች።

«እነሱ ጋ ሲነበብ ምን አሉ?» አለች ቦሼ።

«እልል አሉ። ኤርካሎ የመንደራችን ስም ባሕር ተሻገረ ብሎ ጌታን አመሰገነ።»

ቦሼ ጭቃ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ጻፍልኝ። ከሄድሽ ወዲህ ማንም አልበላም በላት። ሽማግሌውም ያን ቀን ተፍቶታል በላት።»

ደገፉ ወረቀትና ብዕር አወጣና ቆመ። «እሱማ አይጻፍም፣ ቦሼ። ለውጭ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። አገር ማዋረድ ነው።»

«እኔስ አገር አይደለሁም?»

ደገፉ እግሩን አጣጥፎ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ሲጨርስ ሳያታልል አነበበላት። ሁላችንም ደህና ነን፣ መንደሩ በሙሉ ሰላም ይልሻል፣ ሽማግሌውም በጸሎት ያስብሻል።

«እንዲህ አላልኩም» አለች።

«አውቃለሁ። ካልፈለግሽ እቀደዋለሁ።»

ቦሼ ሌላ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አታውቅም። መልስ ካልሄደ ደግሞ አና፣ ቦሼ ሞታለች ትላለች፣ ወይ ረስታኛለች ትላለች። ከእጇ የበላች አንዲት ሴት ነበረቻት፤ እሷንም በዝምታ ልታጣት ነው። አውራ ጣቷን ዘረጋች። ደገፉ ከደጅ ሆኖ ጣቷን ቀለም ቀባላት፤ እሷም ከውሸቱ ስር አጥብቃ ፈረመች።